መልስ፦ ማየት የተሳናት ተማሪ ላለችበት ክፍል የትምህርት ዕቅድ ስለማዘጋጀት

ለእሷ ብቻ ሁለተኛ የትምህርት ዕቅድ ማዘጋጀት አያስፈልግዎትም። ከደብረ ብርሃን ለተግባር ልምምድ በሚወጡበት 6ኛ ክፍል ማየት የተሳናት ተማሪ እንዳለችና የጂኦሜትሪውን ምዕራፍ እንዴት እንደሚያስተምሯት እንደጨነቀዎት ጽፈዋል፤ ያንኑ አንዱን ዕቅድ ይያዙና «የመምህሩ ተግባር» በሚለው ዓምድ ውስጥ ሰሌዳ ላይ የሚጽፉትን ሁሉ በቃል እንደሚናገሩ ያስገቡ።

«ይህን ከዚያኛው ጋር ስናነጻጽር» የሚለው አነጋገር ለእሷ ምንም አይነግራትም፤ «ጎን ሀለ ከጎን ለሐ ጋር ሲነጻጸር» ቢሉ ግን እሷም፣ ከኋላ ተቀምጠው ሰሌዳው በደንብ የማይታያቸውም ይከተሉዎታል። ለሦስት ማዕዘን ካርቶን ላይ የመንዝ በግ ፀጉር ፈትል በሙጫ ይለጥፉ፤ በየማዕዘኑም አንዳንድ ፍሬ ባቄላ ያክሉ። በዋዜማው ቢሠሩት ይሻላል፤ በደጋው ብርድ ሙጫ ቶሎ አይደርቅም።

ብሬል (በጣት እየተዳሰሰ የሚነበብ የነጥብ ጽሕፈት) በስሌት (ወረቀቱን በሚይዝ ባለ ቀዳዳ ገበታ) እና በስታይለስ (ነጥቡን በሚወጋ ሹል መጻፊያ) ሲጻፍ ወረቀቱ በጀርባው በኩል ከቀኝ ወደ ግራ እየተወጋ፣ ሲነበብ ደግሞ ተገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚዳሰስ፣ የጻፈችውን ለማረጋገጥ ወረቀቱን ከስሌቱ ማላቀቅ ይኖርባታል። ስለዚህ የክፍል ሥራ ሲሰጡ ጥያቄ ከመቀነስ ይልቅ ጊዜ ይጨምሩላት።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። እኔ በልምምዴ ወቅት እንዲሁ ማየት ከተሳነው ልጅ አጠገብ ጎበዝ ተማሪ አስቀምጬ ተገላገልሁ ብዬ ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ስጠይቀው ግን ሥራውን ሁሉ የሠራለት ጓደኛው ሆኖ ተገኘ። የጓደኛዋን እገዛ ጥያቄ በማንበብ ብቻ ይወስኑት፤ መልሱን እሷው ራሷ ትንገርዎት።