«አምና ስንት ተርፎ ነበር?»

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ከቱሉ ዲምቱ ሳሪስ የምሠራ የሚኒባስ ሾፌር ነኝ። ናፍጣ በቀዳሁ ቁጥር ለመንገድ ይቆረጣል ይባላል። ቦሎ ሳሳድስም እከፍላለሁ። ሰፈሬ ለመግባት ግን ባሌስትራዬ ያልቃል። ያ ሁሉ ብር የት ገባ ብሎ የሚጠይቅ አለ?

መልስ፦ አለ፣ ወንድሜ። ግን አንድ ነገር ላስቀድም። ያ የሚቆረጥብዎ ብር የሚገባበት የመንገድ ፈንድ በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው ላለ መንገድ ጥገናና ለመንገድ ደህንነት ነው። ጭራሽ ያልተሠራ የሰፈር ውስጥ መንገድ የከተማው በጀት ጉዳይ ነው። ፈጣን መንገዱ ላይ የሚከፍሉትም ሌላ ነው፤ አይደባለቅብዎ።

አሁን «የሚጠይቅ አለ?» ወዳሉት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 101 መሠረት ዋናው ኦዲተር የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ሂሳብ መርምሮ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያቀርባል። የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ ደግሞ ኃላፊዎቹን ጠርቶ ያፋጥጣል።

የፈንድ ሂሳብ ግን ተንኮል አለው። መደበኛ በጀት ሰኔ 30 ላይ ያበቃል፤ የተረፈው ተመላሽ ነው። በሰኔ ወንበርና ጎማ ለመግዛት የሚራወጡትም ለዚሁ ነው። የፈንድ ገንዘብ ግን ለከርሞ ይዞራል። ስለዚህ ከአምና የዞረውን ሳይናገር «ይህን ሰበሰብን፣ ይህን አወጣን» ብቻ የሚል ሪፖርት ግማሽ ሪፖርት ነው።

ይህን የማውቀው አፍሬበት ነው። ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት የሂሳብ ሠራተኛ ሳለሁ ሦስት ዓመት ሁለቱን መስመር ብቻ ጽፈን አለፍን። በአራተኛው አንድ መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ ተወካይ፣ «አምና ስንት ተርፎ ነበር?» አሉ። አለቃዬ እኔን አዩኝ። እኔ ፋይሉን አየሁ። አምና መጨረሻ ላይ ተረፈ ያልነውና ዘንድሮ ይዘን ጀመርን ያልነው ብር አልገጠመም! ልዩነቱ ለሥራ ተቋራጮች የተሰጠ ቅድመ ክፍያ ነበር። ሥራው ሳይሠራ፣ ሂሳቡ ሳይወራረድ፣ እኛ «ወጪ» ብለን ጽፈነዋል። ማንም አልሰረቀም። ብሩ ግን ሰው ኪስ ውስጥ ተኝቶ ነበር።

እና ዜና ላይ ስንት ቢሊዮን ተሰበሰበ ሲሉ አይደነቁ። «ያልተወራረደ» የሚለው ቃል ሲመጣ ግን ሬዲዮውን ከፍ ያድርጉት። «ነቀፌታ የሌለበት» የሚል የኦዲት አስተያየት ቢሰሙም፣ መዝገቡ ልክ ነው ማለት እንጂ ጉድጓዱ ተደፍኗል ማለት አይደለም። ጉድጓዱን የሚያየው የክዋኔ ኦዲት፣ ማለትም ብሩ የታሰበለትን ሥራ መሥራቱን የሚመረምረው ነው። እኔ ብሆን እሱን ነበር አስቀድሜ የማነበው።

ለሰፈርዎ መንገድ ጎረቤት አስተባብራችሁ ወረዳ ሂዱ። በበጋ ግን ይሁን፣ የሚቀጥለው በጀት ሳይዘጋ። ሐምሌ ላይ ብትሄዱ «ለከርሞ» ነው የምትባሉት።