መልስ፦ ለስኳር ክትትል የቀረሁበት ቀን ከደመወዜ ይቆረጣል?

እህቴ፣ የሐኪም ፈቃድ ወረቀት ካመጣሽ መቁረጥ አይችሉም። የግል ድርጅት ተቀጣሪ ነኝ ስላልሽ የሚመለከትሽ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የሙከራ ጊዜሽን ከጨረስሽ፣ የመጀመሪያው አንድ ወር የሕመም ፈቃድ በሙሉ ደመወዝ ነው። ቀጣዩ ሁለት ወር በግማሽ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ወር ያለ ክፍያ። የሚቆጠረው በ12 ወር ውስጥ ነው፤ ቀኖቹ ተከታትለውም ተቆራርጠውም ሊወሰዱ ይችላሉ።

1. የቀጠሮ ካርድ ብቻውን ላይበቃ ስለሚችል ሐኪሙ ለዚያ ቀን ፈቃድ እንዲጽፍልሽ ጠይቂ።
2. ለአለቃሽ ቢዘገይ በማግስቱ አሳውቂ። ቀጠሮሽን ስለምታውቂው ቀድመሽ ብትናገሪ ይሻላል።
3. ወረቀቱን ኮፒ አድርገሽ ሂጂ። ኮፒው ላይ የተቀበሉበትን ቀን ጽፈው፣ ማኅተም መትተው ይመልሱልሽ።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። የሰው ኃይል ክፍል «ለጊዜው ይሄን ፈርሚ» እያለ የዓመት ፈቃድ ቅጽ ሲያስሞላ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። እንዳትፈርሚ። የሕመም ፈቃድና የዓመት ፈቃድ ለየብቻ ናቸው። ሙሉ ቀን ቆመሽ እየሠራሽ፣ ኢንሱሊንም እየተወጋሽ፣ የዓመት ዕረፍትሽ በጣም ያስፈልግሻል። የምሳ ሰዓትሽንም ማንም እንዳያስገፋሽ፤ ኢንሱሊን ተወግቶ ምግብ ማዘግየት ስኳርሽን በአደገኛ ሁኔታ ሊያወርደው ይችላል።