«ኮንሰርት መሄድ እስካቆም ድረስ ከቤተ ክርስቲያን ልራቅ?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። በጣም የምወደው ዘፋኝ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ኮንሰርት ካለው አልቀርም። ለትኬት ብዬ የዕቁብ ብሬን ያጠፋሁበት ጊዜ አለ፤ በእሱ ሰበብ ከእህቴ ጋር ተጣልተን እስካሁን አንነጋገርም። ሌሊት ስመለስ የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ማኅሌት በድምፅ ማጉያ ይሰማኛል፤ አፍሬ ቤቴ እገባለሁ። «ለሁለት ጌቶች መገዛት የሚችል የለም» ስለተባለ፣ አስመሳይ ላለመሆን ብዬ ቅዳሴውንም ንስሐውንም ተውኩ። መጀመሪያ ኮንሰርቱን ላቁም፣ ከዚያ እመለሳለሁ ብዬ ነው። ትክክል ነኝ? ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ የቆረጥኩት ትኬትስ ምን ይሁን? የንስሐ አባቴ ድሮ በነበርንበት ካዛንቺስ ነው የቀሩት።

መልስ፦ እኅቴ፣ ትክክል አይደለሽም።

ስለ ዘፈኑ ብዙ አልልሽም። ዘፋኝነትን ከሥጋ ሥራ የሚቆጥረውን ገላትያ ምዕራፍ 5ን ሳታውቂ አልጻፍሽልኝም። ነገሩን አቅልዬ እንዳይመስልሽ፤ አንቺው ራስሽ ስለፈረድሽበት ነው የማልፈው።

እኔን ያሳሰበኝ «ተስተካክዬ እመጣለሁ» ማለትሽ ነው። ይህን የማልሰማበት ሳምንት የለም። ጫት የሚቅመው ይለኛል። ሳይጋቡ አብረው የሚኖሩት ይሉኛል። ከሰው ተቀያይሞ ዓመት የሞላው ይለኛል። ሲያወሩት ትሕትና ይመስላል፤ «እኔማ ለዚያ ቤት አልበቃም» ይላሉ። ጠጋ ብለሽ ስታዪው ግን ውስጡ ትዕቢት አለ። ያለ እግዚአብሔር እርዳታ ራሴን በራሴ አጽድቼ፣ ከዚያ ልምጣለት ማለት እኮ ነው! እንዲህ አድርጎ የጸዳ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ይልቅ ሲርቁ የሚብስባቸው ነው ያየሁት። ጌታችን «ሕመምተኞች እንጂ ባለ ጤናዎች ባለ መድኃኒት አያስፈልጋቸውም» ያለው ለማን መሰለሽ?

የጠቀስሽው የማቴዎስ ወንጌል ቃል እውነት ነው። ከሁለቱ አንዱን መተው እንዳለብሽም ገብቶሻል። ግን የትኛውን ተውሽ? ኮንሰርቱ አልቀረም። የቀረው ቅዳሴው ነው።

በየደብሩ ለቁርባን የሚቀርቡትን ተመልከቺ። እናቶች ያቀፏቸው ሕፃናት አሉ፤ አረጋውያን አሉ። መሐሉ ሳስቷል። ወጣቱን ብትጠይቂው «ሳይገባው የበላ ዕዳ አለበት» የሚለውን የቆሮንቶስ መልእክት ይጠቅስልሻል። ቀጣዩን ቁጥር ግን አያነበውም። «ሰው ግን ራሱን ይፈትን፥ እንዲሁም ከእንጀራው ይብላ ከጽዋውም ይጠጣ» ይላል። ራሱን ፈትኖ ይቅር አላለም። ፈትኖ፣ ንስሐ ገብቶ፣ ይቅረብ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከሥጋ ወደሙ የምታቆየው ሰው ቢኖር እንኳ ከደጇ አታባርረውም።

የጠፋውን ልጅ አስቢው። ከእሪያ ጠባቂነት ተነሥቶ ሲመጣ መንገድ ላይ ወንዝ ወርዶ አልታጠበም። ልብስ ተበድሮ አልለበሰም። እንደቆሸሸ መጣ። አባቱ ገና ሩቅ ሳለ አይቶት ሮጦ አቀፈው። ከሁሉ የተሻለውን ልብስ ያለበሰውም አባቱ ነው፤ ልጁ ለብሶ አልመጣም። ልጁ «መጀመሪያ ልስተካከል» ብሎ ቢቀመጥ ኖሮ እዚያው እሪያዎቹ ጋር ይሞት ነበር። አስመሳይ የሚያሰኘው ኃጢአትን ይዞ መምጣት ሳይሆን ደብቆ መቆም ነው። አንቺ ደግሞ ለማላይሽ ለእኔ እንኳ አልደበቅሽም።

«መጀመሪያ» የሚባል ነገር ከፈለግሽ ግን አለ። ጌታ «አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ» ብሏል። ስለዚህ እዚህ ላይ ልቆጣሽ። ኮንሰርቱ እንቅልፍሽን ወሰደ፤ ዕቁብሽን ወሰደ። እህትሽን ደግሞ በምን ሒሳብ ሰጠሽው? ስምሽን እንኳ ለማያውቅ ሰው ብለሽ የእናትሽን ልጅ! ዛሬውኑ ደውይላት። ዘፋኙንም ቢሆን አትርገሚው። እሱም የክርስትና ስም ያለው ሰው ከሆነ በጸሎትሽ አስቢው፤ አድናቂ በሞላበት አዳራሽ የሚጸልይለት ሰው ላይኖረው ይችላል።

ትኬቱን ለሌላ ሰው እንዳትሸጪው። አንቺ የሸሸሽውን ለጓደኛ ማሻገር ነው የሚሆነው። ይቃጠል። እንደሚቆጭሽ አውቃለሁ፤ የዘንድሮ የትኬት ዋጋ ቀልድ አይደለም። በነገራችን ላይ መስከረም 2 የመጥምቁ ዮሐንስ አንገት የተቆረጠበት መታሰቢያ ነው። ሄሮድስ በልደቱ ግብዣ የሄሮድያዳ ልጅ ዘፍና ደስ ስላሰኘችው እስከ መንግሥቱ እኩሌታ ሊሰጣት ማለ፤ እሷም የዮሐንስን ራስ ጠየቀችው። ኮንሰርት የገባ ሁሉ ሄሮድስ ነው አልልም። በሞቅታ ውስጥ ሆኖ የሚገባ ቃል ምን ያህል እንደሚያስከፍል ግን እይ። ዕቁብሽም የሄደው እንደዚያው ሞቅ ባለሽ ሰዓት ይመስለኛል።

ዜማ መውደድሽ በራሱ ጥፋት አይደለም። ቅዱስ ያሬድ ሲዘምር ንጉሥ ገብረ መስቀል በተመስጦ የጦሩን ጫፍ የያሬድ እግር ላይ ተክሎበት፣ ዜማው እስኪያልቅ ሁለቱም አልታወቃቸውም ይላል ታሪኩ። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ማኅሌተ ጽጌ የሚባለው የእመቤታችን ምስጋና አለ። ሌሊቱን የሚቆም ነው፤ አንቺ ከኮንሰርት በምትመለሺበት ሰዓት ከበሮውና ጸናጽሉ ገና እየሞቀ ነው። ነይና ቁሚ። ለሱስ ማስተኪያ ብለሽ ግን አትምጪ፤ ስልክሽንም ቦርሳሽ ውስጥ ተዪው። ማኅሌት እየቀረጹ ቲክቶክ ላይ መለጠፍ የሚቀድማቸው በዝተውብናል።

ስለ ንስሐ አባትሽ፦ ከመሀል ከተማ ወደ ዳር የወጣ ብዙ ሰው አባቱን እዚያው ጥሎ ነው የመጣው። ስልካቸው ካለሽ ደውይ፤ ከሌለሽ አንድ ቀን ካዛንቺስ ድረስ ሂጂ። ርቀቱ እንዳስቸገረሽ ብትነግሪያቸው መርቀው ያሰናብቱሻል። ከዚያ በአቅራቢያሽ ካለው ደብር አንድ ካህን ያዢ። ዕቁቡን ሳይቀር ሁሉንም ንገሪያቸው። ቀኖናውን የሚሰጡሽም፣ መቼ እንደምትቆርቢ የሚነግሩሽም እሳቸው ናቸው፤ እኔ በጽሑፍ አልሰጥሽም። ለማስቀደስ ግን የማንንም ፈቃድ አትጠብቂ። የፊታችን እሑድ ነጠላሽን ለብሰሽ ሂጂ፤ የምትችዪ ከሆነም እህትሽን ይዘሻት።