190,000 ማይል የሄደ ፒክ አፕ የካምቢዮ ዘይቱ ይቀየር ወይስ አይነካ?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የአምዱ አዘጋጆች፣ የምኖረው በአሜሪካ ቨርጂኒያ ሲሆን በቀለም ቅብ ሥራ እተዳደራለሁ። መሰላልና ቀለም የምጭንበት የ2005 ሞዴል ሸቭሮሌት ሲልቨራዶ 190,000 ማይል ሄዷል። በእጄ በቆየባቸው 7 ዓመታት የአውቶማቲክ ካምቢዮው ዘይት አንድ ጊዜም አልተቀየረም፤ ከዚያ በፊት መቀየሩን የሚያሳይ ወረቀትም አላገኘሁም። ማርሽ የሚቀይረው ግን በደህና ነው። ጓደኛዬ «እስከ ዛሬ ያልተነካውን አሁን ከነካኸው በሳምንቱ ይቆማል» ይለኛል፤ ጋራዡ ደግሞ በማሽን አጥበን ሙሉ በሙሉ እንለውጠው ይላል። የማንን ምክር ልቀበል?

መልስ፦ ካምቢዮው ማርሽ የሚቀይረው በእርግጥ በደህና ከሆነ ዘይቱንና ፊልትሮውን ያስቀይሩ፤ በማሽን ማሳጠቡን ግን ይተዉት።

የጓደኛዎ ስጋት ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ ብዙ ሰው በዓይኑ ያየው ነገር ነው፤ ስሕተቱ ያለው ምክንያቱ ላይ ነው። በካምቢዮው ውስጥ ያሉት የፍሪሲዮን ሸራዎች የሚይዙት በዘይት ግፊት እየተጨመቁ ሲሆን፣ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እየተፋቁ ዱቄታቸው በዘይቱ ውስጥ ይቀራል፤ ዘይቱም በሙቀት ብዛት እየደከመ ይሄዳል። ባለቤቱ ዓመታት ዝም ብሎ ቆይቶ ካምቢዮው መንሸራተት ሲጀምር ዘይት ለማስቀየር ይሮጣል፤ ሸራው ግን ያን ጊዜ አልቋል። ያለቀ ሸራ አዲስ ዘይት ስላገኘ ብቻ አይዝም፤ መኪናው በሳምንቱ ሲቆም ጥፋቱ በዘይቱ ይላከካል። ስለዚህ አስቀድመው ማወቅ የሚገባዎ የእርስዎ ካምቢዮ እዚህ ደረጃ ላይ መድረስ አለመድረሱን ነው።

መኪናውን በደንብ እስኪሞቅ ከነዱ በኋላ በሜዳ ቦታ ያቁሙት፤ ማርሹ ፓርክ ላይ ሆኖ ሞተሩ ሳይጠፋ የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ ዘንግ አውጥተው በነጭ ጨርቅ ላይ ይጥረጉት። ቀይ ወይም ቀለል ያለ ቡናማ ከሆነ ጥሩ ነው። ጠቁሮ የተቃጠለ ነገር የሚሸት ከሆነ፣ ወይም ከ2ኛ ወደ 3ኛ ማርሽ ሲያልፍ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው የማይፈጥን ከሆነ ግን ለዘይት የሚያወጡትን ገንዘብ ለጥገናው ያስቀምጡት። በእርስዎ መኪና ላይ ባለው 4ኤል60-ኢ በተባለው ካምቢዮ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚቃጠለው የ3ኛና የ4ኛ ማርሽ ሸራ ነውና ይህን ምልክት በቀላሉ አይለፉት።

ፈተናውን ካለፈ መካኒኩ ከሥር ያለውን የዘይት መያዣ ፓን 16ቱን ብሎኖች ፈትቶ ያውርደው፤ እርስዎም አጠገቡ ቆመው ፓኑ ውስጥ ያለውን ማግኔት ይመልከቱ። እንደ ጭቃ የላመ ግራጫ ዝቃጭ በዚህ ዕድሜ የሚጠበቅ ነው። በጣት ሲነካ የሚቆረቁር የብረት ስብርባሪ ወይም ጥቁር የሸራ ቁራጭ ካለ ግን የውስጥ አካል መሰበሩን ያሳያል።

ፊልትሮው ሲነቀል አንገቱን የሚይዘው የጎማ ቀለበት ብዙ ጊዜ ላይ ፓምፑ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ይህን ሳላስተውል አዲሱን ገጥሜ መኪናው ማርሽ አልይዝ ብሎኝ፣ የሞላሁትን ዘይት ሁሉ እንደገና ለማፍሰስ ተገድጃለሁ። አሮጌው ቀለበት ወጥቶ በዓይንዎ ሳያዩት ፓኑ አይዘጋ። ፓኑም ጥልቅና አጭር የሚባል ሁለት ዓይነት ስላለው ፊልትሮው በእሱ ልክ መገዛት አለበት። ብሎኖቹ በ11 ኒውተን ሜትር ብቻ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ በላይ የተጠመዘዘ ፓን ተጣሞ ያንጠባጥባል።

በዚህ መንገድ ከ11 ኳርት (1 ኳርት ከ1 ሊትር ጥቂት ያንሳል) ያህል ዘይት የሚወጣው ወደ 5 ኳርት ገደማ ነው፤ የቀረው የሞተሩን ኃይል በዘይት ወደ ካምቢዮው በሚያስተላልፈው ኮንቨርተርና በቱቦዎቹ ውስጥ ይቆያል። ጋራዡ ማሽን የሚመርጠውም ለዚህ ነው። እኔ ግን ይህን ያህል ዓመት የተከማቸ ዝቃጭ በግፊት ተነቅሎ ወደ ጠባቦቹ የዘይት መተላለፊያዎች እንዲገባ አልፈቅድም። ከጥቂት ወራት በኋላ 5 ኳርት ደግመው ቢያስቀይሩ ከዘይቱ 70 በመቶው፣ ለሦስተኛ ጊዜ ሲደግሙ ደግሞ 84 በመቶው አዲስ ይሆናል፤ ካምቢዮውም ለውጡን ቀስ እያለ ይለምደዋል።

ፋብሪካው በዚያ ዘመን ይሞላው የነበረው ዴክስሮን 3 የተባለው የካምቢዮ ዘይት ነበር፤ ዛሬ ጀነራል ሞተርስ በእሱ ምትክ የሚያዘው ዴክስሮን 6 ሲሆን ከአሮጌው ጋር ቢቀላቀል ጉዳት የለውም። ለሁሉም መኪና ይሆናል የተባለ ርካሽ ዘይት ግን አይቀበሉ። ከዚህ በኋላ ዕቃ እየጫኑ የሚሠሩ ከሆነ በየ50,000 ማይሉ ያስቀይሩት፤ ተጎታች የሚስቡ ከሆነ ደግሞ ከራዲያተሩ ፊት ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣ ያስገጥሙለት።