የፍራፍሬ አይስ ቲ፦ ሻዩና ፍሬው ለየብቻ ይሠሩ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። አናናስና እንጆሪ ከሻይ ቅጠል ጋር አብረሽ ታፈያለሽ፣ ፍሪጅ ስታስገቢው ይደፈርሳል፣ ሲጠጣ ይመራል፣ የፍሬው ጣዕም ደግሞ የለም። እኔ ለገጣፎ ነው የምኖረው። በበጋ እኛ ቤት የአይስ ቲ ጆግ አይጠፋምና የማውቀውን ልንገርሽ።

ዋናው ነገር ሻዩንና ፍሬውን ለየብቻ መሥራት ነው። የሚገናኙት ሁለቱም ከቀዘቀዙ በኋላ ነው።

ከምሬቱ እንጀምር። ትኩስ ሻይ ስናፈላ ቅጠሉን ከቀረፋና ከቅርንፉድ ጋር ማንተክተክ ለምደናል። በትኩሱ በስኳር ሲጠጣ ያ ጥንካሬ ደስ ይላል። ሲቀዘቅዝ ግን ምላስ ይይዛል። የውሽውሽም ሆነ የጉመሮ ሻይ አብዛኛው ደቃቅ ስለሆነ ቶሎ ነው የሚለቀው። ስለዚህ ግማሽ ሊትር ውሃ አፍይና ከእሳት አውርጂው። ሦስት የሻይ ማንኪያ ቅጠል ጨምሪበት፣ ክደኚው፣ 4 ደቂቃ ሲሞላው አጥልዪው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከፍታ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ስለዚህ ፈልቶ እንደወረደ ወዲያው ቅጠሉን ጨምሪ፣ በረድ እስኪል አትጠብቂ። ስኳሩንም በትኩሱ አሟሚው፤ ቀዝቃዛ ሻይ ላይ ስኳር ታች ይተኛል።

ድፍርሱ አያስፈራሽ፣ ሻዩ ተበላሽቶ አይደለም። ሻይ ውስጥ ያለው ካፌይንና ታኒን ሲቀዘቅዝ እርስ በርስ ስለሚያያዝ ነው። ሻዩ በጣም ሲበረታ ወይም ትኩሱ በቀጥታ ፍሪጅ ሲገባ ይብሳል። መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ ይብረድ። ከዚያ ፈልቶ የቀዘቀዘ ግማሽ ሊትር ውሃ ጨምሪበትና ፍሪጅ አስገቢው። ይህም ሆኖ ከደፈረሰ ትንሽ የፈላ ውሃ ጠብ ስታደርጊበት ይጠራል።

አሁን ወደ ፍሬው። ሁሉም ፍሬ አንድ ዓይነት አሠራር የለውም። እንጆሪ እሳት ይወዳል፤ አንድ ኩባያ እንጆሪ፣ ግማሽ ኩባያ ስኳርና ግማሽ ኩባያ ውሃ በትንሽ እሳት 10 ደቂቃ አብስዪና አጥልዪው። ማንጎን ግን እሳት አታሳዪው፣ ያ ትኩስ ሽታው ይጠፋል። ፈጭተሽ በወንፊት አጥልዪው፤ የአርባ ምንጭ ማንጎ ሲገኝ እጅግ ይጣፍጣል። የማንጎው ሻይ መቼም ጥርት አይልም፣ ታችም ይዘቅጣል፣ አማስሎ መጠጣት ነው። አናናስ ላይ ደግሞ ልጣጩን አትጣዪው! ሳትልጪው በፊት በደንብ እጠቢው። ከዚያ ልጣጩንና መሐሉን ከትንሽ ዝንጅብል ጋር አፍልተሽ ስታጠልዪው ያለ ተጨማሪ ወጪ ግሩም መዓዛ ያለው ውሃ ታገኛለሽ። ሻዩን በዚያ ውሃ አቅጥኚው።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ኮክ ነው። ክረምት ላይ በየመንገዱ የሚሸጠው ትንሹና ኮምጠጥ የሚለው የአገራችን ኮክ ለአይስ ቲ የተፈጠረ ነው እላለሁ። ከነልጣጩ ቆራርጪው፣ ስኳር ነስንሺበትና ውሃውን እስኪያወጣ ተዪው፣ ከዚያ እንደ እንጆሪው አብስዪው። ቀለሙም ከልጣጩ ይመጣል። ክረምት ላይ አብዝተሽ አብስለሽ ፍሪዘር ብታስቀምጪ በበጋ ታወጪዋለሽ።

ሎሚ በመጨረሻ ነው፣ ሻዩ ከቀዘቀዘ በኋላ። ሲገባ የሻዩ ቀለም ፈካ ይላል፣ አትደንግጪ፤ ኮምጣጣ ነገር ሻይን እንዲህ ያደርገዋል። ቁራጩን ግን ጆግ ውስጥ አታሳድሪው፣ ነጩ ልጣጭ መራራ ነው።

ለአንድ ሊትር ሻይ ግማሽ ኩባያ የፍሬ ሽሮፕ በቂ ነው፣ ከዚያ ቀምሰሽ ጨምሪ። በረዶውን ከቧንቧ ውሃ ሳይሆን ከራሱ ከሻዩ ሥሪው፣ ሲቀልጥ አያቀጥነውም። በጾምም ያለ ሐሳብ ይጠጣል።

እንደኛ ሰፈር መብራት የሚጠፋባችሁ ከሆነ ሻዩንና ሽሮፑን አስቀድመሽ አትቀላቅዪ። የተቀላቀለውን በሁለት ቀን ጨርሺው። መብራት ረጅም ሰዓት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ አረፋ ካወጣ ወይም ሽታው ከተለወጠ ድፊው።