ጥንብ አንሳ ቢጠፋ ማን ያለቅሳል?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። ብዝሃ ሕይወት ብዝሃ ሕይወት ሲባል እሰማለሁ፣ ደን ሲጨፈጨፍ ጎርፍ እንደሚመጣ ይገባኛል፣ ግን የሆነ የወፍ ዘር ቢጠፋ እኔን ምን አገባኝ? ጥንብ አንሳ ቢጠፋ ማን ያለቅሳል? ደሞ ንብ ከጠፋች በ4 ዓመት ሰው ያልቃል ብሏል አንስታይን የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ጥንብ አንሳን ማንሳትህ ጥሩ፣ በሱው እንጀምር። ህንድ ውስጥ ድሮ በሚሊዮን ነበሩ፣ ከዛ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዛፍ ላይ እንደተቀመጡ አንገታቸውን ደፍተው መርገፍ ጀመሩ፣ በ15 ዓመት ገደማ አንዱ ዝርያ ከ1000 አንድ ብቻ ቀረ። መጀመሪያ ተላላፊ በሽታ ነው ተብሎ ነበር። የሞቱት ሲከፈቱ ግን ጉበትና ልባቸው ኖራ የተቀባ ይመስል ነጭ ነገር ለብሷል፣ ኩላሊት ሥራ ሲያቆም የሚጠራቀም ዩሪክ አሲድ ነው። ጥፋተኛው ዲክሎፌናክ፣ አዎ ያው እኛ ወገባችንን ሲያመን የምንውጠው፣ ለከብት ይሰጥ ነበር፣ ከብቱ ሲሞት መድኃኒቱ ሥጋው ውስጥ ይቀራል፣ ወፉ ይበላዋል፣ በቃ በቀናት ውስጥ አለቀለት።

ታዲያ ጥንቡን ማን ያንሳው? የወፎቹ መንጋ የላም በድን በሰዓታት ውስጥ አጥንት ብቻ ያስቀር ነበር፣ ሆዳቸው ውስጥ ያለው አሲድ ብዙ ጀርም ይገድላል። እነሱ ሲጠፉ ቦታውን የያዘው ባለቤት የሌለው ውሻ ነው፣ ምግቡ ሞልቶለት ተራባ፣ ውሻ ሲበዛ ንክሻ በዛ፣ ከንክሻው ጋር የእብድ ውሻ በሽታ አለ። እንግዲህ ማን እንዳለቀሰ ገባህ። በ2006 (እ.ኤ.አ.) መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ ተከለከለ፣ ሜሎክሲካም የሚባል ወፎቹን የማይጎዳ ምትክም አለ፣ ችግሩ ጥንብ አንሳ በዓመት የምትጥለው አንድ እንቁላል ነው፣ ስለዚህ ለመመለስ ገና ስንት ዘመን።

የንቧ ነገር፣ አንስታይን ለማለቱ ምንም ማስረጃ የለም፣ ሰው ያልቃል የሚለውም የተጋነነ ነው (እኔም ሼር አድርጌው አውቃለሁ ሃሃ)። ስንዴ፣ ሩዝና በቆሎ ንብ አይፈልጉም፣ ነፋስ ወይ ራሳቸው ይበቃቸዋል። ግን ከዋና ዋና የሰብል ዓይነቶች 75% ያህሉ በንብና በሌሎች ነፍሳት ይብዛም ይነስ ይጠቀማሉ፣ ፖም፣ ሐብሐብ፣ ዱባ፣ አልመንድ የሚባለው ለውዝም ቡናውም። ንብ ብትጠፋ ሆድህ አይራብ ይሆናል፣ ቫይታሚን የምታገኝበት አትክልትና ፍራፍሬ ግን አንዱ ከገበያ ይጠፋል፣ ሌላው ዋጋው አይቀመስም።