«የሰው ኃይል» ወይስ «የሰው ሀብት»? የኃላፊዋስ መጠሪያ?

ጥያቄ፦ በድርጅታችን «የሠራተኛ አስተዳደር» ይባል የነበረው ክፍል ኋላ «የሰው ኃይል አስተዳደር» ተባለ። አሁን ኃላፊዋ ከዋና ሥራ አስፈጻሚው ጋር ተቀምጠው የድርጅቱን ዕቅድ ከሚያወጡት አንዷ ሆነዋል፤ መጠሪያቸውም ሊቀየር ነው። «ዋና የሰው ሀብት አመራር» የሚል ሐሳብ ቀርቧል። አማርኛው ያስኬዳል?

መልስ፦ ሐሳቡ ያስኬዳል፤ አማርኛው ግን ሁለት ቦታ ላይ ያነክሳል።

ከኃይልና ከሀብት እንጀምር። ልዩነታቸው የሚታየው በሚያስከትሉት ግሥ ነው። የሰው ኃይል ይመደባል፣ ይሟላል፣ ይቀነሳል፤ ሀብት ግን ይለማል፣ ይጠበቃል፣ ይባክናል። «ለፕሮጀክቱ 40 የሰው ኃይል ያስፈልጋል» ይባላል፤ «40 የሰው ሀብት» የሚል ግን አይገኝም። ስለዚህ ስንት የሥራ መደብ አለ፣ ስንቱስ ክፍት ነው ለሚለው ሰነድ «የሰው ኃይል ዕቅድ» እንዳለ ይቆይ። ሥልጠናን፣ መተካካትንና የሥራ ባህልን የሚይዘው ክፍል «የሰው ሀብት» ቢባል ያምርበታል። የክፍሉ ስም ተለወጠ ተብሎ በመመሪያው ውስጥ ያለው «ኃይል» ሁሉ በኮምፒዩተር በጅምላ ሲተካ ነው ሰነዱ የሚበላሸው።

«አስተዳደር» መሠረቱ «አደረ» ነው፤ ቤተሰብ ያስተዳድራል እንደምንለው፣ ዛሬን ለነገ ማድረስ ነው። የዓመት ፈቃድ መስጠት፣ ደመወዝ በወቅቱ ማስከፈል፣ የግል ማኅደር ማደራጀት ሁሉ አስተዳደር ነው። ይህ ሥራ አልቀረም፤ ብዙው ወደ ሶፍትዌር ዞረ እንጂ። ከኃላፊዋ አሁን የሚጠበቀው ሌላ ነው፦ በመጪዎቹ ዓመታት እነማን ጡረታ ይወጣሉ፣ ማን ይተካቸዋል፣ የትኛው ሙያ ይጎድላል፣ ሰው ለምን ይለቃል? የሥራ ዝርዝራቸውን አውጡና ግሦቹን ብቻ አስምሩባቸው። «ይመዘግባል፣ ያዘጋጃል፣ ያስፈጽማል» ከበዛ «አስተዳደር» ይበቃል። «ይተነብያል፣ ያማክራል፣ ይወስናል» ከሆነ ክፍላቸው «ሥራ አመራር» መባል ይገባዋል። ግሦቹ ሳይለወጡ መጠሪያው ብቻ ከተለወጠ ሹመቱ የወረቀት ነው።

ታዲያ የመጀመሪያው እንከን ይህ ነው፦ «አመራር» ለክፍሉ እንጂ ለሰው አይሆንም። ቃሉ የ«አነጋገር»፣ የ«አሠራር»፣ የ«አካሄድ» ቤተሰብ ነው፤ ሥራውን ወይም ስልቱን ይጠራል። የሚናገረውን ሰው «አነጋገር» እንደማንለው ሁሉ የሚመራውንም «አመራር» ማለት አልነበረብንም። «አንድ ከፍተኛ አመራር ገለጹ» የሚለው በዜና ስለበዛ ጆሮ ለምዶታል፤ በመጠሪያ ላይ ግን እኔ አልቀበለውም። ለሰው «ኃላፊ» ወይም «መሪ» አለ።

ሁለተኛው እንከን የ«ዋና» ቦታ ነው። «ዋና ሥራ አስፈጻሚ» የሚያስኬደው «ሥራ አስፈጻሚ» «የ» የሌለው ጥምር ስም ስለሆነ ነው። «ዋና የሰው ሀብት ኃላፊ» ሲባል ግን «ዋና» ከአጠገቡ ካለው «ሰው ሀብት» ጋር ይጣበቅና ዋና ያልሆነ የሰው ሀብትም ያለ ያስመስላል። «የሰው ሀብት ዋና ኃላፊ» በሉ።

መጠሪያው ደብዳቤ ላይ ሲወርድ ደግሞ «ለ»፣ «በ» እና «ከ» ሲመጡ «የ» እንደምትወድቅ አትርሱ፦ «ለሰው ሀብት ዋና ኃላፊ» ነው እንጂ «ለየሰው» አይደለም። «በየሰው ሀብት ክፍሉ» ከተባለማ ክፍሉ ብዙ ሆኖ በእያንዳንዱ ማለት ይሆናል።

ባትጠይቁኝም አንድ ልጨምር፤ ከመጠሪያው ይልቅ ኃላፊዋን የሚጎዳው ይህ ነውና። በሪፖርት ላይ «12 ሠራተኞች ተሰናብተዋል» ሲባል ምን ማለት ነው? «ተሰናበተ» ራሱ ደኅና ሁኑ ብሎ ለሄደውም፣ ድርጅቱ ላባረረውም ይሆናል። የደመወዝ ክፍሉን ይህ ብዙ አያስጨንቀው ይሆናል፤ ሁለቱም ከመዝገብ ይወጣሉ። ሰው ለምን እንደሚሄድ ለቦርድ ማስረዳት ያለባቸው ኃላፊ ግን ከዚህ ቃል ምንም አያገኙም፤ አንዱ ቁጥር ስለ ደመወዝና ስለ አለቆች ሲናገር ሌላው ስለ ቅጥርና ስለ ዲሲፕሊን ይናገራል። በሠንጠረዡ ላይ አራት ዓምድ አውጡ፦ «በገዛ ፈቃዳቸው የለቀቁ»፣ «ድርጅቱ ያሰናበታቸው»፣ «ውላቸው ያለቀ»፣ «ጡረታ የወጡ»። በስንብት ደብዳቤም ላይ «ተሰናብተዋል» ብላችሁ አትለፉ፤ «ድርጅቱ አሰናብቶዎታል» ብላችሁ ባለቤቱን ጥቀሱ፣ ምክንያቱና ቀኑም ይከተል።